ሪባን ያልተቆረጠለት አምቡላንስ

«ኡኡ!» የሚል ጩኸት ሲሰማ የሰፈሩ ውሾች ሁሉ ተቀበሉት። አዲሱ አምቡላንስ እየተሞከረ ነው፤ ግንባሩ ላይ ቀይ ሪባን ተወጥሮበት የክብር እንግዳውን ይጠብቃል።

«አንድ ደቂቃ በቀደምን ቁጥር አገር ሺህ ብር ታተርፋለች!» ይላሉ የወረዳው ኃላፊ በድምፅ ማጉያ።

የሾፌሩ ስልክ ጠራ፤ የላይኛው ቀበሌ አዋላጅ ናት። ሰምቷት ወደ ኃላፊው ሮጠ።

«ጌታዬ፣ ምጥ የጠናባት ሴት አለች። ልድረስላት?»

«ሪባን ሳይቆረጥማ ንቅንቅ የለም! እስከ ዛሬ በቃሬዛ ይሄዱ አልነበር?»

ሾፌሩ ሰዓቱን እያየ ከንፈሩን ነከሰ። ግማሽ ሰዓት አለፈ። አሁን የኃላፊው ስልክ ጠራ። ኃላፊው ዘለው ተነሡና ሪባኑን በጥርሳቸው በጠሱት።

«እንግዳችን ታችኛው መንገድ ላይ ጭቃ ይዟቸዋል! ምን ትገተራለህ? ብረር!»

ሾፌሩ ሳይረኑን ለቀቀው። መገንጠያው ጋ ሲደርስ ሽቅብ፣ ወደ ላይኛው ቀበሌ ታጠፈ።