ለገና እንግዶች የተላከው መልስ

ፀሐይቱ እስከ ስድስት ሰዓት «ክፍል አለን፤ ኑ» ብላ ካልመለሰች፣ ለገና የሚመጡት አርባ እንግዶች ላሊበላ ውስጥ ሌላ ሆቴል ሊይዙ ነው። የኢሜይሉ ፕሮግራም ግን «ሜሞሪ አነሰ» እያለ ለአራተኛ ጊዜ ቀጥ አለ። በንዴት ፍላቂት ከተማ ላለው የኮምፒውተር ጠጋኝ ለውቤ ደወለች።

«የገና ሰሞን አልጋ አስመሰልሽው፤ ጢም ብሏል! የከፈትሽውን ሁሉ ዝጊ።»

«ኧረ ዘግቻለሁ፣ በላሊበላ! ስንቴ ልንገርህ?»

«ታዲያ እያናገርኩሽ መተየቡን ተይዋ፣ እቴ! ቋ ቋ ሲል ይሰማኛል።»

ፀሐይቱ አንድ እጇ ስልኩን ይዟል፤ ሌላው ግንባሯ ላይ ነው። በሆቴሉ ቢሮ ውስጥ ከእሷ በቀር ሰው የለም።

«ጎሽ፣ አሁን ተውሽ» አለ ውቤ።

ፕሮግራሙ ተንቀሳቀሰ። ከተላኩት መካከል አንድ አዲስ ደብዳቤ አለ፤ ለአርባዎቹም ደርሷል።

«አትምጡ» ይላል። ከሥሩ የእሷ ስም አለ።