የቀትር ጊታር

ኃይለየሱስ አንድ አሮጌ ኤሌክትሪክ ጊታር ሊያድሰው ገዝቶ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ያለው ሱቁ ካስገባው ወዲህ፣ የጎረቤቱ የነጅሙዲን ነገር አላምርህ አለው።

ድሬ በቀትር ሱቋን ዘግታ ታርፋለች። እሱም ዝገት ሲፈገፍግ፣ ሽቦ ሲበይድ አርፍዶ፣ የጊታሩን ክሮች አላልቶ ይቆልፋል። ሲመለስ ግን ክሮቹን ተወጥረው፣ ተቃኝተው ያገኛቸዋል። ትርፍ ቁልፍ ያለው ደግሞ ነጅሙዲን ብቻ ነው።

«ጊታሬን ማን ነው የሚነካው?» አለው አንድ ቀን።

«አቦ፣ እኔ ምን አውቄ! ቀትር ቀትር የምትጫወተው ራስህ መስለኸኝ።»

አላመነውም። በማግስቱ ክሮቹን አንድ ሳያስቀር ፈትቶ ጠቀለለና ደረት ኪሱ ከተታቸው። ትርፉን ቁልፍ ተቀብሎ ሱቁን ቆለፈ፤ ነጅሙዲን ጫቱን ዘርግቶ ከተቀመጠበት የሱቁ በረንዳ ሄዶም አጠገቡ ቁጭ አለ። «አሁን እናያለን» አለ በሆዱ።

መንገዱ ጭር ሲል የጊታር ድምፅ ተሰማ።

ነጅሙዲን ማኘኩን ትቶ አዳመጠ።

«ሰማህ? ዛሬ ደግሞ ቀረብ ብሏል» አለና፣ ጆሮውን ከሱቁ በር መልሶ ወደ ኃይለየሱስ ደረት ኪስ አዘነበለ።