ስድስት ሺህ አድማጮች

አሰግደው በአገር ቤት ዘፈን የታወቀው በሽለላና በጭፈራ ነበር። እሱ ሲዘፍን ሠርገኛው ወንበር ይሰብራል፣ ሽማግሌው ከዘራውን ይጥላል። ሃምሳ ዓመት ሲሞላው ግን “አሁንስ ሰው ተረጋግቶ ይስማኝ” አለና በክራርና በዋሽንት ብቻ ለስለስ ያለ አልበም አወጣ።

የሚሰማው ጠፋ። የሚኒባስ ሾፌሮች “እንቅልፍ ያመጣብናል” ብለው አጠፉት። የገዛ ሚስቱ እንኳ ከሦስተኛው ዘፈን አላለፈችም።

ዘፈን የሚባል ነገር እርም ሊል ሲል ከቢሾፍቱ ስልክ ተደወለለት።

“ወይዘሮ ትርንጎ እባላለሁ። እኛ ዘንድ ስድስት ሺህ ሆነው አዲሱን አልበምዎን ጠዋትና ማታ ይሰማሉ። መጥተው በአካል ቢዘፍኑላቸው ምናለ?”

አሰግደው ስልኩን ዘግቶ አለቀሰ። አዲስ ጥልፍ ልብስ አሰፍቶ፣ ክራሩን አንግቶ ሄደ። ወይዘሮ ትርንጎ ከግቢው በር ተቀብለው ወደ አንድ ረጅም አዳራሽ ወሰዱት።

“አደራዎን፣ የድሮውን እንዳይሞክሩት” አሉት በሹክሹክታ። “ባለፈው ዓመት አንድ ሠራተኛ በሬዲዮ ቢከፍተው፣ ሦስት ቀን ሙሉ እንቁላል አልጣሉም።”

በሩን ከፈቱት። ስድስት ሺህ ዶሮዎች አንገታቸውን ወደ እሱ አዞሩ።

አሰግደው አዲሱን ልብሱን አስተካከለ። ከዚያ ክራሩን ቃኘና አሥሩንም ዘፈን ሳያጓድል ዘፈነላቸው። አንዲትም ዶሮ ድምፅ አላሰማችም። ሲጨርስ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣና፣ ምናልባት ይደገም ይሉ እንደሆነ ብሎ ትንሽ ቆመ።