ከስክሱ ከደጅ

በኮሪያ ዘመቻ ቆስሎ ቶኪዮ የታከመው ሃምሳ አለቃ ፒያሳ ክፍል ተከራይቶ ጃፓንኛ ላስተምር ካለ ሳምንቱ ነበር። ዛሬም ተማሪ ካልመጣ ነገ ወደ አገሩ ኮሶዬ፣ ወደ ሞፈሩ መመለሱ ነው። በጃፓን ከነጫማ ቤት መግባት ነውር ነውና ከስክሱን ከደጅ አውልቆ ጠበቀ።

አንዲት ባልቴት ከስክሱን አይተው ቆሙ። ነጠላቸውን አጣፍተው በረባሷቸውን አወለቁ፤ መቃኑን ተሳለሙ። ከኋላ የመጡ ሦስት ሰዎችም እሳቸውን አይተው ጫማቸውን አወለቁ።

«የማን ታቦት ነው ልጄ?»

«ታቦት እንኳ የለም፣ እማማ። የጃፓን ቋንቋ ነው የማስተምር» አለና እንደ ቶኪዮ ሰው ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። እሳቸውም ከእሱ ዝቅ ብለው እጅ ነሱ።

«ምነው ታዲያ ትቆማለህ? አንዴ ተሳልሜያለሁ፤ እንዲሁማ አልመለስም» ብለው ከፊት ተቀመጡ። ሦስቱም ተከተሏቸው።

ሃምሳ አለቃው ጠመኔውን አንስቶ የመጀመሪያውን የጃፓን ፊደል ጻፈ።