የአማች ሸክም

«መጀመሪያ ነገር ወገብህ ያርፋል» ይላል ልብስ ሰፊው፣ ግድግዳው ላይ ተደግፎ። «ይሄ ብቻውን ሊጉን ያቋቋሙትን ሰዎች ያስመርቃል።»

አናጢው መላጊያውን በሳንቃው ላይ ወዲያ ወዲህ ይገፋል፤ ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ እግሩ ላይ ይወርዳል። ሬዲዮ ጠዋት የተናገረውን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ትልልቆቹ ክለቦች ተጠራርተው የራሳቸውን ሊግ አቋቁመዋል፤ ከመጪው ዓመት ጀምሮ እርስ በርሳቸው ብቻ ይጫወታሉ። የአማቹ የሥጋ ሻጩ ቡድን፣ ቀዮቹ፣ ሄዷል። የአናጢውን ቡድን፣ ቢጫዎቹን፣ እንኳን የጠራው ስሙን ያነሳለትም የለም።

ለአናጢውና ለሥጋ ሻጩ ደግሞ ነገሩ የሬዲዮ ወሬ ብቻ አይደለም። ሥጋ ሻጩ የአናጢውን እህት ካገባ ወዲህ፣ ቡድኖቻቸው በተጋጠሙ ቁጥር የተሸነፈው ያሸነፈውን አዝሎ ከአናጢ ቤቱ እስከ ሥጋ ቤቱ ደጃፍ ያደርሳል። ደንቡን ያወጣው ራሱ አናጢው ነው፤ አንድ ቀን እኔም መታዘሌ አይቀርም ብሎ። እስከ ዛሬ አልታዘለም። አቻ የወጡ ዕለት ሁለቱም በእግራቸው ይሄዳሉ፤ በቀረው ሁሉ ተሸካሚው እሱ ነው። የዘንድሮውንም ግጥሚያ ተጫውተው ጨርሰዋል።

ሥጋ ሻጩ ደግሞ እንደ ሌላው ሰው የሚከብድ ሰው አይደለም። ታክሲ ውስጥ ሲገባ ሾፌሩ ወርዶ ጎማውን ያያል። አናጢው በዚህ ሸክም አጥሯል የሚሉ አሉ፤ ማስረጃም አላቸው፤ የሠርጉ ሱሪ ዛሬ መንገድ ይጠርጋል።

«ሁለተኛ» ይላል ልብስ ሰፊው። የማንም ደጋፊ ስላልሆነ ለሁሉም ይፈርዳል። «ትልልቆቹ ከሄዱላችሁ ዋንጫው ባለቤት አጣ ማለት ነው። ማን ያነሳዋል? እናንተ ናችኋ።»

«ትልልቆቹ ወንድሞች እስኪወጡ ጠብቆ ሕፃን ታግሎ መጣል ምን ድል ነው» ይላል አናጢው፣ ዓይኑን ከሳንቃው ሳያነሳ።

«ለእኛም ጥሩ ነው» ይላል ሥጋ ሻጩ፣ ሁለት በርጩማ ገጥሞ የተቀመጠው። «በየሳምንቱ ግዙፍ ከግዙፍ። እናንተ ሜዳ መምጣትም ቀረልን። ያ ሜዳችሁ ከመዝመሙ የተነሳ፣ ከላይ በኩል ያለው በረኛ ኳሷን ቢለቃት ራሷ ተንከባልላ ታች ጎል ትገባለች።»

«እዚያ ሜዳ ላይ ነው አቻ የወጣነው።»

«ኳሷ ደክሟት ነዋ።»

ልብስ ሰፊው ይስቃል። አናጢው አይስቅም፤ መላጊያው ቆሟል።

«እኔ ጥቅሙን ጠልቼ አይደለም» ይላል ቀስ ብሎ። «ወገቤም ይረፍ፣ ዋንጫውም ይምጣ። ግን አንተን የማሸንፍበት ቀን ከእንግዲህ ከየት ይመጣል? ያ ሁሉ ስሸከምህ የኖርኩት ለአንዲት ቀን ብዬ ነበር።»

ሥጋ ሻጩ ነገሩ ይገባዋል። ይነሳል፤ በርጩማዎቹ እፎይ ይላሉ። መሀል ወለሉ ላይ ጎንበስ ብሎ እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ ያሳርፋል።

«ና ውጣ።»

«የት?»

«ጀርባዬ ላይ ነዋ። እስከ ደጃፌ አዝልሃለሁ። ሰው ሁሉ ይይህ።»

አናጢው ያንን ጀርባ ያየዋል። ሥጋ ሻጩ ሁልጊዜ የእሱ ጀርባ ላይ ስለሚሆን በቅጡ አይቶት አያውቅም። ሁለት ሰው ያስተኛል። እግሩ አንድ እርምጃ ይሄድና ይመለሳል።

«ሳናሸንፍ አልወጣም።»

«እኔ ፈቅጄልህ።»

«በፈቃድ ማሸነፍ አለ እንዴ? ስንት ለስንት ብለው ቢጠይቁኝስ?»

«አንድ ለዜሮ በላቸው።»

«ማን አገባ ቢሉኝ?»

«ያ የሚያነክሰው አጥቂያችሁ።»

«እሱ ኳስ ካቆመ ቆየ። አሁን ዳቦ ቤት ነው።»

«እንግዲያው በረኛው አገባ በላቸው። ብቻ ውጣ፣ አማቼ፣ ደሜ ሁሉ ወደ ጭንቅላቴ እየወረደ ነው።»

«አልወጣም አልኩ። ቀና በል።»

ሥጋ ሻጩ ቀና ሊል ይሞክራል። እንደገና ይሞክራል። ከወገቡ በኩል ደረቅ እንጨት ሲሰነጠቅ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ይወጣል፤ አናጢው ሳንቃው የተሰበረ መስሎት ይዞራል።

«ቀና በል እንጂ።»

«እምቢ አለኝ።»

ልብስ ሰፊው ብብቱ ውስጥ ገብቶ ይገፋል፤ ግንብ የሚገፋ ይመስላል። ጋሪ ይምጣ ይባላል፤ ጋሪው ላይ ማን ያወጣዋል? በመጨረሻ አናጢው ሽርጡን ፈትቶ ያስቀምጣል፤ ጀርባውን ሰጥቶ ዝቅ ይላል። የጎበጠ ሰው መቼም ለመታዘል የተመቸ ነው፤ ልብስ ሰፊው ከኋላ ገፋ ሲያደርገው ቦታውን ያገኛል።

መንገዱ እንደ ወትሮው ነው፤ ሥጋ ሻጩ ግን እንደ ወትሮው አይደለም። ሌላ ጊዜ ከላይ ሆኖ ጎሎቹን አንድ በአንድ ለሰፈሩ ያውጅ ነበር። ዛሬ ትንፋሹ ብቻ በአናጢው ጆሮ ላይ ይመላለሳል። ሰዎች ከየበራቸው ብቅ ይላሉ።

የአናጢው እህት መጥረጊያ ይዛ ሥጋ ቤቱ ደጃፍ ቆማለች። ወንድሟን ታያለች፤ ከላይ ደግሞ ባሏን።

«ዛሬ ደግሞ የምን ጨዋታ ነበር? ማን አሸነፈ?»

አናጢው አፉን ከመክፈቱ በፊት ከጆሮው ሥር ድምፅ ይመጣል።

«ወንድምሽ» ይላል ሥጋ ሻጩ። «አንድ ለዜሮ። በረኛው አገባ።»

«ታዲያ እሱ ለምን ተሸከመህ?»

አናጢው ሸክሙን ነጠር አድርጎ ያስተካክላል፤ ሸክሙ ያቃስታል። ከዚያ አንገቱን ቀና አድርጎ እህቱን ያልፋል፤ መጥረጊያዋን ያልፋል፤ ደጃፉንም ያልፋል።

«አማቼ፣ ደርሰናል እኮ።»

«እስከ ጥጉ ብቻ» ይላል አናጢው። ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ውጤቱን ገና አልሰማም።