ክብ ያልሆነው ወርቅ

«ጠርዙን ምን በላው?» ይላሉ እትዬ ሰርካዲስ፣ የወርቅ ሳንቲሙን ከጥሎሹ ልብሶች መሃል በሁለት ጣታቸው አንስተው። «ክብ እንኳ አይደል። የደረቀ ቅጠል ይመስላል።»

«የእንግሊዝ ንጉሥ ወርቅ ነው፤ ስድስት መቶ ዓመቱ» ይላሉ የሙሽራው ሽማግሌ ጋሼ አሥራት። «ያኔ ማሽን የለ፤ በመዶሻ ነው የሚመቱት። እዪው፣ ንጉሡ መርከብ ላይ ቆሞ።»

«ንጉሡን አየሁት። አሁን የማየው ያመጣውን ነው።»

ያመጣው ወንድይፍራው ነው፤ ነገ የወንድማቸውን ልጅ ሉሊትን የሚያገባው። ከሱዳን የስደተኞች ካምፕ እዚህ አገር ከመጣ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ዌስትውድ ሰፈር ሆቴል በር ላይ የሰው መኪና ፓርክ ያደርጋል። ባለመኪኖቹ የሚሰጡኝን ቲፕ አጠራቅሜ ዳውንታውን ከአሮጌ ሳንቲም ሻጭ ገዛሁት ይላል። ደረሰኝም አለው። ደረሰኝ ለእትዬ ሰርካዲስ ምናቸው ነው? ፊደል አልቆጠሩም፤ ሰው ግን ያውቃሉ።

ይነክሱታል። የጥርሳቸው ምልክት ይቀርበታል። ወርቅነቱስ ወርቅ ነው፤ ይኼ ነው ይብስ ያሳሰባቸው። ደሴ ሳሉ ስንቱን አይተዋል፦ ለጥሎሽ ወርቅ ተውሶ፣ እልል አስብሎ፣ በመልሱ ማግስት ከሙሽሪት አንገት ፈትቶ ለባለቤቱ የሚመልስ። የገዛ እህታቸው አንገት ባዶ የቀረው እንዲህ ነው።

«ሉሊት፣ መዶሻና ሚስማር አምጪ።»

«ለምን፣ እትዬ?»

«አንገትሽ ላይ ሊውል አይደል? ሳይበሳ በምን ይታሰራል?»

ጋሼ አሥራት ከወንድይፍራው ጎን፣ ከሶፋው ይነሳሉ። «ተይ ሰርካዲስ። ከተበሳ በግማሽ ዋጋም የሚገዛው የለ።»

«አንሸጠውም፤ ምን ቸገራችሁ? የሰው ዕቃ ከሆነ ግን አሁኑኑ ይናገር።»

ከታች በጎዳናው የፌርፋክስ አውቶቡስ እያቃሰተ ያልፋል። ሉሊት መዶሻና ሚስማሩን ይዛ መጥታ ቆማለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

ወንድይፍራው ሁለቱንም ከእጇ ይወስዳል። ሳንቲሙን ተቀብሎ የሽንኩርት መክተፊያ ላይ ያስተካክላል፤ ንጉሡን እንዳይነካ ሚስማሩን ወደ ዳር ፈቀቅ ያደርጋል። እትዬ ሰርካዲስ ሚስማሩን አያዩም። የልጁን ዓይን ነው የሚያዩት።

አንዴ ይመታል። ጋሼ አሥራት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ።

«ይኸው፣ እትዬ» ይላል፣ በሁለት እጁ እያቀበላቸው።

ይቀበሉታል። ወደ መስኮቱ ዞረው ቀዳዳውን በጥፍራቸው ይሞክሩታል። ከዚያ ሳንቲሙን ዓይናቸው ላይ ለጥፈው በቀዳዳው ወደ ልጁ ያያሉ። ልጁ መዶሻውን ለሉሊት መልሶ፣ ለአንገቷ ማሰሪያ የሚሆን ክር እየጠየቃት ነው።