ጨው በትኛለሁ

በካናዳዋ ዊኒፔግ ከተማ ዳርቻ ማርሊስ ቤቷን የሕፃናት ማቆያ ካደረገች ዘጠኝ ዓመት ሆናት። ደጁ ላይ በረዶ በተጋገረ ቁጥር ባሏ ኦሪን ቀድሞ ወጥቶ እንዲቀልጥ ጨው ይበትንበታል፤ ሲጨርስ ከውጭ ይጣራል። ድምፁ ሳይሰማ አንድም ልጅ ደጃፉን አይረግጥም። አምና ግን ልክ እንደተጣራ ከሕፃናቱ አንዷ፣ ትንሿ ሊንያ፣ ወጥታ ተንሸራተተችና ክንዷ ተሰበረ። «ጨውን ረስቼው ነው» አለ ኦሪን። ማርሊስም ይቅር አለችው።

ዛሬም ስድስቱን ሕፃናት ገመድ አስይዛ በሩ ጋ አሰለፈቻቸው።

«ማርሊስዬ፣ ጨው በትኛለሁ! ልጆቹን አውጪ!» ተባለ ከውጭ።

በሩን ልትከፍት ስትል የጨው ባልዲው እግሯ ሥር ታያት፤ እስከ አፉ ሙሉ ነው።

«በምን በተንከው አንተ ሰውዬ? ባልዲው እዚህ አይደል እንዴ!»

«መጣሁ፣ መጣሁ!» አለ ኦሪን ከኋላዋ፣ ጫማውን እንኳ ሳያስር ከመኝታ ቤት እየሮጠ። «እንቅልፍ ጥሎኝ ነው። አሁን እበትናለሁ።»

«ማርሊስዬ፣ ልጆቹን አውጪ» አለ የኦሪን ድምፅ ከውጭ።

ማርሊስ ገመዱን ከነልጆቹ ወደ ራሷ ሳበችና ባሏን አየችው። አልደነገጠም። ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣

«አምና የተጣራው ዘንድሮም ተመልሶ የሚመጣ አልመሰለኝም ነበር» አለ።